የጥር ሙሽሮች ፎቶ፦ ከቦታው በፊት ሰዓቱ ይመረጥ

ጥያቄ፦ ሠርጋችን ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እጮኛዬ ከሚኒሶታ ታኅሣሥ 24 ይገባል፤ ከዚያ በፊት አብረን የምንነሳበት ዕድል የለም። ፎቶ አንሺው «ብርሃኑ የሚጠነክረው ያኔ ስለሆነ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እንጦጦ እንገናኝ» ብሎናል። እናቴ «በዚህ ብርድ ተራራ ላይ በስስ ቀሚስ?» ትላለች። ጓደኛዬ ቢሾፍቱ ይሻላችኋል ባይ ናት። እኔ ቀይ ዳማ ነኝ፣ እሱ ጠቆር ይላል፤ በቁመትም በጣም ይበልጠኛል። ሽምግልናው ቀን በተነሳነው ፎቶ ግማሹ ላይ የእሱ ፊት አይለይም፣ ግማሹ ላይ ደግሞ ነጠላዬ ነጭ ወረቀት መስሎ ጥለቱ ጠፍቷል። አሁን አንዱን ፎቶ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር አሳትመን አዳራሹ መግቢያ ላይ ልናቆም አስበናል። አንድ የሀበሻ ቀሚስና አንድ ሌላ ልብስ አለኝ። መቼ፣ የት፣ እንዴት ብንነሳ ይሻላል?
ሙሽሪት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ 5 ሰዓት ይቅር። ፎቶ አንሺያችሁ ብርሃኑ ያኔ ይጠነክራል ማለቱ እውነት ነው፤ ጣጣውም ከዚያው የሚመጣ ነው። በገና ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 50 ዲግሪ ያህል ወጥታለች፤ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን 58 ዲግሪ ትደርሳለች። ከዚያ ከፍታ የሚወርድ ብርሃን ግንባርንና የአፍንጫን ጫፍ አብርቶ ዓይንን ጥላ ውስጥ ይቀብራል። ከተማው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ፣ ሰማዩም በበጋ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑን የሚበትን ነገር የለም፤ ጥላው ድፍን ጥቁር ይሆናል። ሁለታችሁም ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፤ ያንን የትኛውም የኮምፒውተር እርማት አይመልሰውም።

ስለ ክረምት ፎቶ ከውጭ አገር ቪዲዮ የሚማር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እጮኛሽ በሚኖርበት ሚኒሶታ በዚህ ሰሞን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከ22 ዲግሪ ብዙም አታልፍም። ቀኑን ሙሉ በዝቅታ ስለምትሄድ በየትኛውም ሰዓት ቢነሱ ፊት በጎን ይበራል። እኛ ዘንድ ወቅቱ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐይዋ የምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ናት፤ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጠዋት 12:42 ገደማ ትወጣለች፣ ምሽት 12:18 ገደማ ትጠልቃለች። ከ10 ዲግሪ ከፍታ እስከ አድማስ ለመውረድ 45 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጅባታል። ስለዚህ ያ ሁሉም የሚያወራለት ወርቃማ ብርሃን እዚህ ከ11:30 እስከ 12:15 ያለው ጊዜ ብቻ ነው። በምዕራብ በኩል ኮረብታ ወይም ዛፍ ካለ ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

የጠዋቱም ብርሃን እኩል ያምራል፤ ነፋስም የለበትም። ግን ስሌቱን ተመልከቺው፦ ሜካፕና ፀጉር 2 ሰዓት፣ መንገድ 45 ደቂቃ፣ መልበስ 20 ደቂቃ። 12:42 ላይ ተዘጋጅቶ ለመቆም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል መነሳት ግድ ነው። በዚያ ላይ የእጮኛሽ ሰውነት ገና በሚኒሶታ ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ዓይኑ አብጦ ይታያል። የሌሊቱም ውርጭ ገና አይለቅም። የከሰዓት በኋላውን ያዙ።

ቀኑን በተመለከተ፣ በገባ በማግስቱ አታስነሺው። ሦስት ቀን ይረፍ፤ ታኅሣሥ 27 ጥሩ ነው። 28 እና 29 የገና ገበያና በዓል ነው፣ መንገዱ አያስኬድም። ጥር 1 የራጉኤል ዕለት ስለሆነ የእንጦጦ መንገድ በምእመን ይሞላል፤ በየወሩ 21 ደግሞ ማርያም ናት፣ ያው ነው። መጠባበቂያ ቀን ካስፈለገ ጥር 2 ወይም 3 ይሁን። ከከተራው ዕለት ከጥር 10 ጀምሮ እስከ 12 ድረስ በከተማው መሀል ቀሚስ ለብሶ በመኪና መንቀሳቀስ የሚታሰብ አይደለም። ደመና ቢሆን ግን ቀኑን አትሰርዙ፤ ስስ ደመና ለጠቆረም ለቀላም ፊት ከፀሐይ ይሻላል።

ወደ ቦታው እንምጣ። እንጦጦ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ከአንድ ማስጠንቀቂያ ጋር። ከተማው ከተራራው በስተደቡብ ነው፤ በዚህ ወቅት ፀሐይም የምትወጣው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዘንበል ብላ፣ የምትጠልቀውም ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነው። ከተማውን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ ካሜራው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ያያል ማለት ነው። አቧራውና ጭሱ በዚያ ብርሃን ሲመታ ከኋላችሁ የሚታየው ከተማ ሳይሆን የነጣ ጭጋግ ነው። «አዲስ አበባ ከእግራችን በታች» የሚለውን ፎቶ ከፈለጋችሁ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ፣ ከ12:20 እስከ 12:40፣ የከተማው መብራት ሲበራና ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ አንሱት። ፓርኩ ውስጥ ከሆነ ግን እስከዚያ ሰዓት መቆየት ይቻል እንደሆነ፣ ለባለሙያ ካሜራ የሚጠየቅ ክፍያ ወይም ፈቃድ ካለም አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳያስፈቅዱ አይነሱም። ድሮን ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን (ኢንሳን) ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ «እኔ አውቃለሁ፣ ችግር የለውም» የሚል ካለ ወረቀቱን ያሳያችሁ።

ሁለተኛው የእንጦጦ ወጥመድ ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ወደ ታች የተንጠለጠለ ስለሆነ ጥላው ወንፊት ነው፤ ፊት ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ብርሃን ይጥላል። ግንዱን ከበስተጀርባ ተጠቀሙበት እንጂ ፀሐይ ሳለ ከሥሩ አትቁሙ። ለጥላ ጽድ ፈልጉ፤ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የምትቆሙትም ከጥላው መሀል ሳይሆን ከጠርዙ አንድ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ተከፈተው ሰማይ አዙራችሁ ነው። መሀል ከገባችሁ ብርሃኑ በቅጠሉ መሀል ከላይ ብቻ ይመጣና ፊት አረንጓዴ ይመታል።

ጓደኛሽም አልተሳሳተችም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሞቅ ትላለች፤ ብርድ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ትመረጣለች። ነገር ግን እንደ ባቦጋያና ሆራ ያሉት ሐይቆች እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ናቸው። ዳር ወርዳችሁ ከቆማችሁ ገደሉ ፀሐይዋን ከሰዓቷ በፊት ይጋርዳታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቁን ከኋላ ለማድረግ በምሥራቁ ዳር፣ ከፍ ያለው ከንፈር ላይ መቆም ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ውኃው እንደ መስታወት አይሆንም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ የመመለሻውንም መንገድ ጨምሪበት። ለእናንተ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ላለው ቀን አንድ ቦታ ይበቃል፤ «ጠዋት ቢሾፍቱ፣ ማታ እንጦጦ» የሚል ፕሮግራም ሁለቱንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ነጠላውና ወደ ፊቱ ነገር። ይህን ክፍል ፎቶ አንሺው ቢያነብበው ደስ ይለናል።

ነጭ ሸማ በአንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ከጠቆረ ቆዳ 7 እና 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ይመልሳል፤ በፎቶ ቋንቋ 3 ስቶፕ ገደማ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። ይህ ብቻውን ለዛሬ ካሜራ ቀላል ነው። በጠራ ፀሐይና በጥላ መካከል ደግሞ ሌላ 3 ስቶፕ አለ። ነጠላሽ ፀሐይ ላይ ሆኖ የእሱ ፊት ጥላ ውስጥ ሲሆን ሁለቱ ይደመሩና ልዩነቱ 60 እጥፍ ያልፋል። ያኔ አንዱ መሞቱ አይቀርም። በፎቶዎቻችሁ ላይ ችግሩ በሁለት መልክ የመጣውም ካሜራው በራሱ ሲለካ ስለተተወ ነው። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ የእሱ ፊት ይጠፋል። ጥቁር ኮቱ ሲሞላው «አነሰ» ብሎ ይጨምራል፣ ጥለትሽ ይነድዳል።

መፍትሔው የመጀመሪያው ነገር ሁለታችሁም ሙሉ በሙሉ በአንድ ብርሃን ውስጥ መሆናችሁ ነው፤ ወይ ሁለታችሁም ጥላ፣ ወይ ሁለታችሁም ፀሐይን ከጀርባ። የነጠላው ጫፍ እንኳ ወደ ፀሐይ አይውጣ። ከዚያ ካሜራው በማንዋል (በእጅ ማስተካከያ) ይሁን። በስፖት ሜትር (አንዲት ነጥብ ብቻ በሚለካው የካሜራው መለኪያ) የእጮኛሽን ጉንጭ ለክቶ ካሜራው ከሚለው አንድ ስቶፕ መቀነስ ነው፤ ካሜራው ማንኛውንም ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት፣ ካልተቀነሰ የጠቆረ ቆዳ አመድማ ሆኖ ይወጣል። አንድ ፎቶ ተነስቶ ጥለቱ ላይ የነደደ ቦታ የሚያመለክተው ብልጭታ ከታየ ሌላ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ይቀነስ። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ከተነሳ ጥላውን በኋላ ማንሳት ይቻላል፤ የነደደ ጥለት ግን ከየትም አይመጣም።

በአቋቋማችሁ ጠቆር ያለው ሰው ወደ ብርሃኑ ይቅረብ። በጽዱ ጥላ እሱ ወደ ጠርዙ፣ አንቺ ግማሽ እርምጃ ወደ ውስጥ። ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) ካለ ነጩን ፊት ተጠቀሙ፣ 110 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይበቃል። በእሱ በኩል፣ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ በደረት ከፍታ ይያዝ። ብርማው ዓይን ያስጨፍናል፤ ወርቃማው ቆዳችሁንም ነጠላውንም ቢጫ ያደርጋል። ከመሬት ወደ ላይ ማብራት ደግሞ ለአስፈሪ ፊልም ነው።

ትኩረቱም ይታሰብበት። ጀርባው እንዲደበዝዝ ብሎ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 (የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍቶ) ከሦስት ሜትር የሚያነሳ ሰው ጥርት ብሎ የሚታይለት ከፊት እስከ ኋላ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እሱ ከኋላሽ ቆሞ ቢያቅፍሽ ከሁለት አንዳችሁ ትደበዝዛላችሁ፤ ትንሹ የካሜራ ስክሪን ላይ አይታወቅም፣ 60 በ90 ላይ ግን ያፈጥጣል። ለሁለት ሰው ኤፍ 4 ላይ ይሁን፤ ጥርት የሚለው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ለቆመ ሰው 1/250 ሰከንድ፣ ለሚራመድ 1/500። የብርሃኑ የቀለም ሙቀት (ዋይት ባላንስ) በአውቶ አይተው፤ ጥላ ውስጥ 6,500 እስከ 7,000 ኬልቪን፣ በመጨረሻው ፀሐይ 5,500። አውቶ ከሆነ የምሽቱን ወርቅ አጥቦ ያነጣዋል።

የቁመቱን ነገር ተራራው ራሱ ይፈታዋል። ዳገቱ ላይ አንቺ ከላይ፣ እሱ ከታች ቁሙ። ተረከዙ ረጅም ጫማ አፈሩ ውስጥ ስለሚሰምጥ ከመኪና እስከ ቦታው ነጠላ ጫማ አድርጊ።

ልብስን በሚመለከት የወቅቱን ቀለም አስቢ። የመስከረም አረንጓዴ የለም፤ ሣሩ ገለባ፣ ባሕር ዛፉ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ልብስሽ አረንጓዴ ወይም ቤዥ ከሆነ ትዋጫለሽ፤ ወይን ጠጅ፣ የሸክላ ቀለም ወይም ደማቅ ሰማያዊ ጎልቶ ይወጣል። እሱ ድፍን ጥቁር ኮት ከሚለብስ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቢለብስ ፊቱ ይገለጣል። ሸሚዙ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ የፋብሪካ ነጭ ሸሚዝ ነጭነቱ እንዲጎላ ኬሚካል ይደረግበታል፤ ያ ኬሚካል አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ሰማያዊ ያበራል። በዚህ ከፍታ ላይ አልትራቫዮሌቱ ብዙ ስለሆነ፣ ጥላ ውስጥ ሸሚዙ ሰማያዊ፣ ሸማሽ ክሬም ሆነው ጎን ለጎን ይጣላሉ። ለሀበሻ ቀሚሱ ክፍል እሱም የሽመና ሸሚዝ ይልበስ።

ሜካፕ ሠሪዋን ሁለት ነገር ንገሪያት። ዚንክ ወይም ቲታኒየም ያለበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከፋውንዴሽኑ በታች ከተቀባ ፍላሽ ሲመታው ፊት ነጭ ይሆናል፤ የጠቆረ ቆዳ ላይ ይብሳል። ቀለሙም ከአንገት ጋር ይመሳሰል፤ ከቤት ውጭ ልዩነቱን የሚደብቅ መብራት የለም። እጃችሁን ግን አትርሱ። የበጋው ደረቅ አየር ጣትና አንጓን አመድ ያስመስላል፣ የቀለበት ፎቶ ደግሞ በቅርበት ይነሳል። ጠዋት ቅባት፣ ከመነሳታችሁ 10 ደቂቃ በፊት ትንሽ ቫዝሊን፣ ትርፉን በሶፍት መጥረግ። እሱም እንደ አንቺ ይቀባ፤ ወንዶች ይህን ዘለው ነው ፎቶ የሚያበላሹት። ሹሩባ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ፤ አዲስ ሹሩባ ግንባርን ይወጥራል።

እናትሽ የፈሩት ብርድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የለም፤ ፀሐይ ውስጥ እንዲያውም ይሞቃል። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፣ እንጦጦ ላይ ከነፋሱ ጋር ይቆነድዳል። የበረደው ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ክንዱ ላይ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፤ ሦስቱም ፎቶ ላይ ይታያሉ። ከቀሚሱ ሥር ቆዳ የሚመስል ሙቅ ታይትስ ልበሺ። ሁለት ጋቢ ያዙ፦ አንዱ በፎቶ መሀል የሚደረብ፣ አንዱ ንጹሕ፣ ከ12:15 በኋላ አብራችሁ ተጠቅልላችሁ የምትነሱበት። በፔርሙዝ ሻይ ይኑር። ቦርሳው ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ሶፍት፣ ቫዝሊን፣ የልብስ ብሩሽና ሁለት ሜትር ላስቲክ ይግባ። ላስቲኩ ስትቆሚ ከቀሚሱ ሥር ይነጠፋል፤ ቀይ አፈር ከጥለት አይለቅም። ብሩሹ ለጭጎጎት ነው፣ በደረቅ ሣር ውስጥ አንዴ ካለፍሽ ነጠላሽን ሙሉ ይይዘዋል።

ሰዓቱ እንዲህ ይሁን። ሜካፑ 8:30 ይለቅ፣ 9:15 ከቤት ውጡ፣ 10 ሰዓት እንጦጦ ላይ። ከ10:15 እስከ 11:10 በጽድ ጥላ፣ ሁለተኛውን ልብስ ለብሳችሁ። አዎ፣ የሀበሻ ቀሚሱ ይቆይ። ካሜራ ያልለመደ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ልባችሁ ያለበት ልብስ ላይ አታባክኑት። ከ11:10 እስከ 11:30 ቀይሩ። ከ11:30 ጀምሮ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ በሰያፍ አድርጋችሁ፣ ነጠላውን ዘርግታችሁ ተነሱ፤ ብርሃኑ በሸማው ውስጥ ሲያልፍ ጥለቱ ራሱ ይበራል። ሌንሱ ላይ የፀሐይ መከልከያው ይታሰር፣ አለዚያ ፎቶው ወተት ይደፋበታል። የአዳራሹ 60 በ90 ከዚህ 45 ደቂቃ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ያህሉ ካሜራው በቁሙ ተይዞ፣ ዙሪያውን ሰፊ ቦታ ትቶ ይነሳ። ሌንስ የሚቀየረው መኪና ውስጥ ነው፤ የበጋ አቧራ ሴንሰር ላይ ካረፈ ጥርት ያለው ሰማይ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ የሚያዝ ጥቂት ነገር አለ፦ ስንት የተስተካከለ ፎቶ እንደሚሰጣችሁ፣ በስንት ቀን፣ የሚያነሳው ራሱ መሆኑን፣ ፎቶው በሁለት ካርድ ላይ በአንዴ የሚቀመጥ መሆኑን፣ ከሠርጉ በፊት ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ እንዳይለጥፍ። አንድ ተጨማሪ ሐረግ አስገቡ፦ «የቆዳ ቀለም አይነጣም።» እሱን አንቺን አስመስሎ፣ አንቺን ማንንም ሳትመስይ አድርጎ መመለስ በከተማችን የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ለ60 በ90 ኅትመት በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ቢታሰብ ወደ 3,540 በ5,315 ፒክስል ያስፈልጋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 4,000 በ6,000 ስለሚሰጥ ይበቃል፤ ፎቶው በጣም ከተቆረጠ ግን አይበቃም። ኅትመት ከስክሪን ይልቅ ይጠቁራል። መጀመሪያ 20 በ30 አሳትማችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ባለው ዓይነት መብራት ሥር የእሱን ፊት እዩ፤ ካልተለየ ትንሽ ይብራና ትልቁ ይታተም። ፎቶ አንሺው በቴሌግራም ከላከላችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ስለሚደርስ ማተሚያ ቤቱ በዚያ መጠን ሲዘረጋው ቅንድባችሁ እንኳ አይለይም።